«ገብቶኛል» ከማለታችሁ በፊት፦ ባልና ሚስት የሚግባቡበት መንገድ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ባለትዳሮች «እኛ እኮ አንነጋገርም» ይላሉ። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚውሉት፤ ልጁን ማን ያመጣዋል፣ ክፍያው መቼ ነው፣ ማን ደወለ፣ ምን ጎደለ። የጠፋው ወሬ ሳይሆን የማወቅ ጉጉት ነው። በተጋቡ ሰሞን አንዱ ሌላውን ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ሕልሙ ሲጠይቅ ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን እሱ ገና አፉን ሲከፍት እሷ መጨረሻውን ቀድማ ታውቀዋለች፤ እሷ ስትጀምር እሱ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ገብቶኛል፣ በቃ ገብቶኛል።»

በእኔ እምነት በትዳር ውስጥ ከስድብ ቀጥሎ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ቃል ይህ ነው። ስድብ ቢያንስ ያማል፤ ስለሚያምም ይታወቃል፣ ይቅርታም ይጠየቅበታል። «ገብቶኛል» ግን ድምፅ ሳያሰማ በር ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ያንን በር መልሶ ለመክፈት የታሰቡ ናቸው። በአንድ ሳምንት ሁሉንም አትሞክሩ። አንዱን እጃችሁ እስኪለምደው ያዙትና ወደሚቀጥለው እለፉ።

መጀመሪያ ግን ይህን አንብቡ

ቤታችሁ ውስጥ ዱላ፣ ዛቻ ወይም ክትትል ካለ፣ አንዳችሁ ሌላውን የምትፈሩ ከሆነ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ገንዘብና መውጫ መግቢያ የሚቆጣጠር ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ አልተጻፈም። የሚከተሉት ልምምዶች ሆድን ከፍቶ ማሳየትን ይጠይቃሉ፤ ለሚጎዳ ሰው ሆድን ከፍቶ ማሳየት ደግሞ መሣሪያ ማቀበል ነው። «በደንብ ብነግረው ኖሮ አይመታኝም ነበር» የሚለው ሐሳብ እውነት አይደለም። የሚመታው ሰው ኃላፊነት የራሱ ነው። እዚያ ላይ ከመግባባት በፊት የሚመጣው ደኅንነት ነው፤ ለሚታመን ሰው መናገር፣ የባለሙያ እርዳታ መፈለግ፣ መጠለያ ማግኘት።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል እንደማትተዋወቁ ፈትሹ

ኬኔት ሳቪትስኪ፣ ቦዓዝ ኬይሳርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ባልና ሚስትን ጀርባ ለጀርባ አስቀመጡና በየቀኑ የሚነገሩ፣ ግን ከአንድ በላይ ትርጉም ሊሰጡ የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮችን አንዱ እንዲናገር፣ ሌላው ደግሞ ምን ለማለት እንደተፈለገ እንዲገምት አደረጉ። ያንኑ ከማያውቁት ሰው ጋርም ሞከሩት። የትዳር አጋር ከባዳው የተሻለ አልተረዳም። ተናጋሪዎቹ ግን አጋራቸው ከባዳው ይበልጥ እንደሚረዳቸው እርግጠኛ ነበሩ።

ምክንያቱን ሳስበው ብዙም አያስገርመኝም። ለባዳ ስንናገር እናብራራለን፣ እንዳልገባው ካየንም እንደግምለታለን። ለቅርብ ሰው ግን ግማሹን ሆዳችን ውስጥ ትተን ግማሹን እንናገርና «ይገባዋል» ብለን እናልፋለን። አንድ ባል ሲገባ «ዛሬ ደክሞኛል» ይላል። «ዛሬ ልጆቹን አንቺ አስተኚልኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «እስኪ አጠገቤ ተቀመጪ» ማለቱም ሊሆን ይችላል። ሚስቱ «እኔስ አልደከመኝም?» ብላ ስትመልስለት፣ ሁለቱም ማንም ባልተናገረው ነገር ተጣልተው ያድራሉ።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት «ገብቶኛል» የሚለውን ቃል ከቤት አስወጡት። በቦታው ጥያቄ ተኩ፦ «ደክሞኛል ስትል እንዳግዝህ ነው ወይስ እንዳዋራህ?» አጭር ጥያቄ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ታሳፍራለች፤ ብዙ ጠብ ግን ሳይወለድ ታስቀራለች።

ቀጥሎ አንድ ምሽት ላይ እያንዳንዳችሁ ወረቀት ያዙና ስለ ራሳችሁ ሳይሆን ስለ አጋራችሁ ጻፉ፦ ሰሞኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ምንድን ነው? በዚህ ወር ምን ደስ አሰኘው? በሥራው ማን ያስቸግረዋል? ከእኔ የጎደለው የሚመስለው ምንድን ነው? ከዚያ ተለዋወጡና እርስ በርስ ታረሙ። ነጥብ ግን አትቁጠሩ። ስህተት ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ የምታወሩት አዲስ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ሥራን ይመለከታል። ሁለታችሁም ለየብቻ፣ ከቤቱ ሥራና ኃላፊነት ስንት በመቶውን እንደምትሠሩ ጻፉና ደምሩት። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ባለትዳሮች ስለየራሳቸው ድርሻ የሰጡት ግምት ሲደመር ባብዛኛው ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ስለሚዋሽ አይደለም፤ ራሱ የሠራውን በቀላሉ ስለሚያስታውስ ነው። የእናንተም ድምር 130 ቢመጣ «ዋሽተሃል» «ዋሽተሻል» አትባባሉ። «እኔ የማላየው ምን ትሠራለህ? ንገረኝ» በሉ።

ደረጃ 2፦ በቀን 20 ደቂቃ፣ ስለ ቤት ጉዳይ ሳይሆን ስለ ሰው

በየቀኑ፣ ከተቻለ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 20 ደቂቃ ለዩ። ስልክ ከክፍሉ ይውጣ፤ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ መቀመጡ አይበቃም። ሁለት ነገር ክልክል ነው፦ የቤት ጉዳይና እርስ በርስ መወቃቀስ። እያንዳንዳችሁ ስለ ውሏችሁ 10 ደቂቃ ትናገራላችሁ፤ ሌላው ያዳምጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አንዱ ችግሩን ሲናገር ሌላው ወዲያው መፍትሔ ያመጣል። «ለአለቃህ እንዲህ በለው»፣ «አንቺም እኮ ዝም ትያለሽ»። ይህ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ በሰሚው ጆሮ «ችግርህ ቀላል ነው፣ አንተ ነህ ያካበድከው» የሚል ይመስላል። ስለዚህ ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁ፦ «ሐሳብ ልስጥህ ወይስ ዝም ብዬ ልስማህ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው። ከአጋራችሁ ጋር የተጣላውን ሰው ወገን ይዛችሁ አትሟገቱ። የአለቃውን ሐሳብ ማስረዳት ነገ ይደርሳል፤ ዛሬ ከጎኑ ሁኑ።

ደረጃ 3፦ ትንንሾቹን ጥሪዎች ስሙ

ሚስት መስኮት ላይ ቆማ «እየው ሰማዩ እንዴት እንደጠቆረ» ስትል የአየር ትንበያ እየሰጠች አይደለም። «ና፣ አብረን እንይ» ማለቷ ነው። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ለ6 ዓመት ከተከታተለ በኋላ እንደዘገበው፣ በትዳራቸው የዘለቁት እንዲህ ካሉት ትንንሽ ጥሪዎች 86 በመቶ ያህሉን ይመልሱ ነበር፤ የተፋቱት ግን 33 በመቶውን ብቻ። መልሱ ትልቅ መሆን የለበትም። ቀና ብሎ «እውነትም!» ማለት ይበቃል። ሥራ ከያዛችሁ ደግሞ «ይህን ልጨርስና መጣሁ» በሉ፣ ከዚያም በእርግጥ ኑ።

ለደስታ ዜናም እንዲሁ ነው። አጋራችሁ በሥራው ሲመሰገን «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍና «እንዴት አሉህ? አንተስ ምን አልክ? ንገረኝ እስኪ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ደረጃ 4፦ ቅሬታን ከእንጭጩ፣ በለስላሳ አፍ ማንሳት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለትዳር የተተረተ ይመስለኛል። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተዋጠ ቅሬታ አይፈጭም፤ ተዳፍኖ ይቆይና አንድ ቀን ስለ አንድ ያልታጠበ ብርጭቆ ሲባል የሦስት ዓመቱ ነገር ሁሉ ይወጣል። የሚሰማው ሰው ደግሞ በብርጭቆ ምክንያት ይህ ሁሉ እሳት ከየት መጣ ብሎ ግራ ይጋባል።

አጀማመሩ ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። ሲቢል ካሬርና ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ስለሚያጣላቸው ጉዳይ ሲነጋገሩ ቀርጸው ነበር፤ በኋላ ማን እንደሚፋታ ለመተንበይ የንግግሩ የመጀመሪያ 3 ደቂቃ በቂ ምልክት ሰጥቷል። በጩኸት ወይም በንቀት የተጀመረ ነገር በሰላም የሚያልቅበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን ሁሉ መግቢያው ላይ አውሉት።

አንድ ቅሬታ ስታነሱ አራት ነገር በዚህ ቅደም ተከተል ይኑረው። መጀመሪያ የሆነውን ነገር፣ ካሜራ ቢቀርጸው እንደሚታየው አድርጋችሁ ተናገሩ። «ትናንት አንድ ሰዓት እመጣለሁ ብለህ ሦስት ሰዓት መጣህ» ካሜራ ያየዋል። «ለእኔ ደንታ የለህም» የሚለውን ግን የትኛውም ካሜራ አይቀርጸውም። ቀጥሎ የተሰማችሁን ተናገሩ፦ «ፈራሁ፣ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ።» ሦስተኛ ለምን እንደተሰማችሁ፦ «መንገድ ላይ አንድ ነገር ደርሶብህ ይሆናል ብዬ ነው።» በመጨረሻ የምትፈልጉትን፣ ሊደረግ የሚችልና ቁርጥ ያለ ነገር አድርጋችሁ፦ «ከ30 ደቂቃ በላይ የምትዘገይ ከሆነ አንድ መልእክት ላክልኝ።»

ይህን ከሚከተለው ጋር አነጻጽሩት፦ «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። አንድም ቀን በሰዓትህ መጥተህ አታውቅም። ካንተ ምን ይጠበቃል፣ ቤተሰብህ ሁሉ እንዲሁ ነው።» በዚህ ውስጥ አንድም ሊስተካከል የሚችል ነገር የለም። «ሁልጊዜ» እና «አንድም ቀን» ሰውየውን በሰዓቱ የመጣባቸውን ሦስት ቀናት ፍለጋ ይልኩታል፤ ክርክሩ ስለ ቁጥር ይሆናል። «ቤተሰብህ» የምትለዋ ደግሞ ነገሩን ከቤት አውጥታ ወደ ዘር ታሻግረዋለች። ከዚያ ወዲያ የሰዓቱን ጉዳይ ማንም አያስታውሰውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ይሰማኛል» የሚል ቃል ስለታከለበት ብቻ ስድብ ስሜት አይሆንም። «ራስ ወዳድ እንደሆንሽ ይሰማኛል» ያው ራስ ወዳድ ነሽ ማለት ነው። ስሜት በአንድ ቃል ይነገራል፤ አዘንኩ፣ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ቅር አለኝ፣ ብቸኝነት ተሰማኝ፣ ከፋኝ። «እንደሆንክ» ወይም «እንደሆንሽ» ከተከተለው ፍርድ ሆኗል።

ሰዓትም ምረጡ። አንዱ በር ሲገባ፣ ሌላው ሊተኛ ዓይኑን ሲከድን፣ ልጆች ባሉበት ወይም ሁለታችሁም በተራባችሁበት ነገር አይነሳም። «የከነከነኝ ነገር አለ፣ ማታ 20 ደቂቃ ትሰጠኛለህ?» ብሎ ቀጠሮ መያዝ ክብር ነው። ቀጠሮውን በተቀበለው ላይ ደግሞ አንድ ግዴታ ይጥላል፦ ማታ ሲመጣ መሸሽ የለም።

ደረጃ 5፦ ተናጋሪና አድማጭ ሆናችሁ ተቀመጡ

ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ማርክማንና ስኮት ስታንሊ ለጥንዶች በሚያስተምሩት ሥልጠና ውስጥ የሚገኝ ልምምድ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። አንድ ዕቃ፣ እስክሪብቶም ይሁን ቁልፍ፣ በእጁ የያዘው ሰው ተናጋሪ ነው። ተናጋሪው ስለ ራሱ ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ ይናገራል፤ የሌላውን ሐሳብ አይተረጉምም። አድማጩ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፤ አይመልስም፣ አይከላከልም፣ አያርምም። ተናጋሪው «አዎ፣ እንዲያ ነው» እስኪል ይደጋገማል። ከዚያ ዕቃው እጅ ይለውጣል። መፍትሔ በዚህ ጊዜ አይፈለግም።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሲሠራ ምን እንደሚመስል እንይ። ባል ለወንድሙ ገንዘብ አበድሯል፤ ሚስት ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

እሷ፦ «ለወንድምህ ገንዘብ መስጠትህን ከሰው አፍ ስሰማ አፈርኩ። የዚህ ቤት ሰው ያልሆንኩ መሰለኝ።»

እሱ፦ «ገንዘቡ ቆጭቶሻል፤ ለቤታችን መዋል ነበረበት ነው የምትዪው።»

እሷ፦ «አይደለም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔው ራሴ ስጠው እልህ ነበር። የከነከነኝ ከሌላ ሰው መስማቴ ነው።»

እሱ፦ «እሺ። ያስከፋሽ መስጠቴ ሳይሆን መደበቄ ነው።»

እሷ፦ «አዎ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላስ ምን ያልነገረኝ አለ እያልኩ እተክዛለሁ።»

እሱ፦ «እምነትሽ ተነካ። ስለ ሌላውም ነገር መጠራጠር ጀመርሽ።»

እሷ፦ «አዎ፣ እንዲያ ነው።»

ዕቃው ወደ እሱ ይሄዳል።

እሱ፦ «ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። አምና ስለ ቤተሰቤ የተነጋገርነው ትዝ ሲለኝ ግን አንደበቴ ተያዘ። በወንድሜና ባንቺ መካከል መቆም ፈራሁ።»

እሷ፦ «የደበቅከኝ ከቁም ነገር ስላልቆጠርከኝ ሳይሆን፣ የአምናው ጠብ እንዳይደገም ፈርተህ ነው።»

እሱ፦ «አዎ።»

እሱ ገንዘቡ እንደቆጫት እርግጠኛ ነበር፤ እሷም እንደናቃት እርግጠኛ ነበረች። ሁለቱም «ገብቷቸው» ነበር፤ የገባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያለዚህ ልምምድ ቢጨቃጨቁ ኖሮ እሱ ስለ ገንዘቡ መጠን ሲከላከል፣ እሷ ስለ ንቀት ስታለቅስ፣ የማይገናኙ ሁለት ጠቦች ጎን ለጎን ይካሄዱ ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። መልሶ መናገር መስማማት አይደለም። «ያስከፋሽ መደበቄ ነው» ያለው ባል ጥፋተኛ ነኝ አላለም፤ ሰምቻለሁ ነው ያለው። ብዙ ሰው መልሶ መናገርን የሚፈራው የተሸነፈ ስለሚመስለው ነው። ሁለተኛ፣ ቃል በቃል መድገም የገደል ማሚቶ መሆን ነው፤ በራሳችሁ ቃል ስትናገሩት ብቻ ነው የገባችሁና ያልገባችሁ የሚለየው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰው ሠራሽ ይመስላል፣ ሳቅም ይመጣል። ሳቁን ተቀበሉት። ከቀላል ጉዳይ ጀምሩ፤ የ10 ዓመት ቁስል ለመጀመሪያ ልምምድ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ሲግል አቁሙ፣ ስትበርዱ ተመለሱ

በጠብ መካከል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲወጣ ሰውነት አደጋ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ጆሮ የሚሰማው የሚያስፈራውን ብቻ ነው፣ ቀልድና ርኅራኄ ይጠፋሉ። በዚህ ሰዓት የምትናገሩት ሁሉ ለመማታት ወይም ለማምለጥ ነው። ጎትማንና የሥራ ባልደረባው ሮበርት ሌቨንሰን ይህን በጥንዶች ላይ ለዓመታት ለክተውታል። ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

ጠብ ሲነሳ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ዑደት ይታያል። አንዱ «አሁኑኑ እንነጋገር» ብሎ ይከታተላል፤ ሌላው ጭጭ ይላል ወይም ከክፍሉ ይወጣል። በተከታተለው መጠን ያኛው ይሸሻል፤ በሸሸው መጠን ይህኛው ይከታተላል። አንድሩ ክሪስቴንሰንና ክሪስቶፈር ሂቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለዚህ ዑደት ያሳተሙት ጥናት ጠቃሚ ነገር ያሳያል፦ ለውጡን የሚፈልገው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ማን እንደሚከታተልና ማን እንደሚሸሽ ለመወሰን ድርሻ አለው። ስለዚህ «እሱ ተፈጥሮው ነው፣ ድንጋይ ነው» ወይም «እሷ ተፈጥሮዋ ነው፣ ነዝናዛ ናት» ለማለት አትቸኩሉ። ጉዳዩ ቢገለበጥ ሚናችሁም ሊገለበጥ ይችላል።

መውጫው ሳትጣሉ አስቀድማችሁ የምትዋዋሉት እረፍት ነው። አንድ ቃል ወይም የእጅ ምልክት ምረጡ፤ ማንኛችሁም ስታሳዩት ንግግሩ እዚያው ይቆማል፣ የመጨረሻ ቃል መወርወር የለም። እረፍት የጠየቀው ሰው የመመለሻውን ሰዓት ይናገራል፦ «አሁን ግያለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ።» ራሱ መጥቶ ነገሩን የሚያነሳውም እሱ ነው፤ ያኛው ሊለምነው አይገባም። እረፍትን ከኩርፊያ የሚለየው ይህ ነው። ኩርፊያ መመለሻ ሰዓት የለውም፤ የሚቆየው ሌላው እስኪንበረከክ ነው። ለቀናት ጀርባ ሰጥቶ የሚተኛ ሰው ዝም አለ እንጂ ሰላም አላመጣም።

በእረፍቱ ውስጥ የምታደርጉትም ይቆጠራል። ግድግዳ እያያችሁ «እንዴት እንዲህ ይለኛል» እያላችሁ ብታብሰለስሉ ሰውነታችሁ አይበርድም፤ ለሁለተኛው ዙር ጥይት ስትሞሉ ነው የምትቆዩት። ተራመዱ፣ ሥራ ሥሩ፣ የሚነበብ ነገር አንብቡ። ለእናት ወይም ለጓደኛ ደውሎ ክሱን ማሰማት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። እናንተ ነገ ትታረቃላችሁ፤ የሰማው ሰው ግን ይይዘዋል።

ደረጃ 7፦ የተሰበረውን መጠገን

ጥሩ የሚባሉ ትዳሮችም ይጣላሉ። ልዩነቱ ጠቡ መካከል ላይ እጅ የሚዘረጋ መኖሩ ነው፦ «ቆይ፣ እንደገና ልጀምረው»፣ «ድምፄን ከፍ አደረግሁ አይደል?»፣ «እዚህ ላይ እውነት አለሽ»። ይህች እጅ ስትዘረጋ ያዟት፤ አዘረጋጓ ባያምርም። በጎትማንና በሌቨንሰን ጥናት ጸንተው የቆዩ ጥንዶች በክርክር ላይ እያሉ እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ፊት ወደ አምስት የሚጠጉ በጎ ነገሮች ያሳዩ ነበር፤ ራስ መነቅነቅ፣ ፈገግታ፣ መንካት፣ «ልክ ነሽ» ማለት። ከሁሉ የከፋው መርዝ ሆኖ ያገኙት ደግሞ ንቀት ነው፤ ማሽሟጠጥ፣ ዓይን መገልበጥ፣ አጋርን በሰው ፊት ማሳነስ። ሌላውን ሁሉ ቀስ በቀስ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ተዉት።

ይቅርታ ስትጠይቁ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፣ በአጋራችሁ ላይ ያስከተለውን ተናገሩ፣ ከዚህ በኋላ የምታደርጉትን ጨምሩና አቁሙ። «ትናንት በጓደኞችሽ ፊት ስላረምኩሽ ይቅርታ። አሳፍሬሻለሁ። ከእንግዲህ የማልስማማበት ነገር ቢኖር ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ።» «ግን» ከተከተለች ይቅርታው ፈረሰ። «ከፍቶሽ ከሆነ» የምትለውም ጥፋቱን ወደ ተጎጂው ትገፋዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስለዚህ ተበዳዩ ነገሩን እንደገና ቢያነሳው «ይቅርታ ብያለሁ እኮ» ብላችሁ አትዝጉት። እንደገና ስሙት።

ደረጃ 8፦ ከማይፈቱት ጋር መኖር

ጎትማን እንደሚለው ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶው በባሕርይና በአስተዳደግ ልዩነት የሚመጡና ለዘለቄታው የማይፈቱ ናቸው። አንዱ ይቆጥባል፣ አንዱ እጁ ይፈታል። አንዱ እንግዳ ይወዳል፣ አንዱ ጸጥታ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እፎይ ያሰኘኛል። አጋራችሁን ስላልለወጣችሁት ትዳራችሁ ወድቋል ማለት አይደለም።

በእነዚህ ጉዳዮች ላይ «ማን ልክ ነው» የሚለውን ተዉና «ይህ ነገር ላንተ ምንህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳንቲም የምትቆጥር ሚስት ከጀርባዋ ትምህርት ቤት ክፍያ ተቸግራ የተባረረች ልጅ ልትኖር ትችላለች። እጁ የሚፈታው ባል ደግሞ «የለም» በሚል ቃል ያደገ ልጅ ይሆናል። ይህ ከተነገረ በኋላ እያንዳንዳችሁ ሁለት ዝርዝር ጻፉ፦ ፈጽሞ ልተወው የማልችለው፣ እና ላለዝበው የምችለው። የመጀመሪያው ባጭሩ ይያዝ። ድርድሩ በሁለተኛው ላይ ነው። የተስማማችሁበትን ለአንድ ወር ሞክሩትና እንደገና ተያዩበት፤ ለዘላለም ውል አትፈራረሙ።

ደረጃ 9፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ

የቤቱን ጉዳይ ሁሉ፣ ወጪውን፣ ልጆቹን፣ ፕሮግራሙን፣ ለአንድ ሳምንታዊ ግማሽ ሰዓት ሰብስቡት፤ ያኔ ሌላው ቀን ከዚህ ጣጣ ነፃ ይሆናል። በአንድ ምስጋና ጀምሩ፤ ምስጋናው ስለ አንድ የተለየ ነገር ይሁን። «ሁሉንም ስለምታደርጊ አመሰግናለሁ» ከማለት «ማክሰኞ ሳልጠይቅሽ ስለተነሳሽልኝ» ይበልጣል።

ኢላይ ፊንክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ 120 ጥንዶችን ለ2 ዓመት የተከታተለ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግማሾቹ በየአራት ወሩ ለ7 ደቂቃ አንድ ጽሑፍ ይጽፉ ነበር፦ በቅርቡ የተጣሉበትን ነገር፣ ለሁለቱም መልካም የሚመኝ ገለልተኛ ሰው ቢያየው እንዴት ያየው እንደነበር። በዓመት በድምሩ 21 ደቂቃ ማለት ነው። ባልጻፉት ዘንድ በትዳር መርካት ማሽቆልቆሉን ቀጠለ፤ በጻፉት ዘንድ ቆመ። የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ ቀኖቹን አሁን መዝግቧቸው።

አጋሬ እምቢ ቢለኝስ?

ይህን ጽሑፍ አስተላልፋችሁ «አንብብ፣ ስላንተ ነው» ብትሉ እምቢታው የሚጠበቅ ነው። ብቻችሁን መጀመር ትችላላችሁ። ደረጃ 3፣ 4 እና 7 የሌላውን ፈቃድ አይጠይቁም፤ ጥሪ ስትመልሱ፣ ቅሬታችሁን ስታለሰልሱ፣ ይቅርታችሁን «ግን» ሳትጨምሩ ስትጠይቁ ከተለመደው ጠብ ግማሹን እናንተው ወሰዳችሁ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ወር ታገሡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳ ስትሆኑ አጋራችሁ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ቢጠራጠር አትቀየሙት፤ ያለመደው ነገር ነው።

ምንም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ውሸትና ክህደት በመካከል ካለ፣ የጋብቻ አማካሪ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፤ አጋራችሁ ባይመጣም እናንተ ሂዱ። ስትጋብዙት ግን «አንተን የሚያስተካክል ሰው አገኘሁ» አትበሉት። ይህን በሉት፦ «ከዚህ በፊት ሳልሰማህ ገብቶኛል እያልኩ ያለፍኩህ ነገር ያለ ይመስለኛል። እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደምሰማህ ደግሞ የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?»